የሚያድግ ቀሚስ

ርሆቦት ሮዝ ቀሚሷን ለብሳ ወደ ግቢያችን የገባች ቀን፣ እኔም እንደዚያ ያለ ካልተገዛልኝ ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬ አለቀስሁ። ክረምት ነበር፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሰንብቷልና ዛቻዬ ማንንም አላስደነገጠም።

ቀሚሱ ግን በእውነት የሚያስለቅስ ነበር። ደረቱ ላይ ብልጭልጭ ተለጥፎበታል፤ ከወገቡ ኋላ የሚታሰር ሰፊ ሪቫን አለው፤ ርሆቦት ስትሽከረከር እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ርሆቦት በአንድ ግቢ አብረውን የተከራዩት ጎረቤቶቻችን ልጅ ናት። ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች፤ በዚያች አንድ ዓመት ምክንያት የማታውቀው ነገር አልነበረም።

አባቴ እኔ መራመድ ሳልጀምር ስለሞተ ቤታችን ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እናቴ እናትዓለም ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ጨርቅ ስታይ እንደ ሌላው ሰው በዓይኗ አትጀምርም። መጀመሪያ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ይዛ ፈተግ ፈተግ ታደርገዋለች፤ ቀጥላ ወደ ብርሃን ታነሣዋለች፤ ቀለሙ የሚታያት በመጨረሻ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ወሰደችኝ። ሻጩ ሮዙን ቀሚስ ከመስቀያው ሲያወርደው ልቤ ልትወጣ ደረሰች። እናቴ ገልብጣ ውስጡን አየችው። ስፌቱን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ሳብ ስታደርገው በክሮቹ መካከል ብርሃን አሳየ።

«ወንድሜ፣ ይህ ስንቴ ቢታጠብ ነው?» አለችው።

«እመቤቴ፣ ሲያልቅ ሌላ ትገዢላታለሽ! ርካሽ አይደል እንዴ?»

«ሌላ የሚገዛላት ከተገኘ ነው» አለችና ቀሚሱን አጣጥፋ መለሰችለት።

ድህነታችንን በሰው ፊት የተናገረችብኝ መስሎኝ አፍሬ ከነጠላዋ ኋላ ተደበቅሁ። ከዚያ ጨርቅ ተራ ሄደን ብዙ ቆየን። እናቴ እየፈተገች፣ ወደ ብርሃን እያነሣች፣ አንዱን ጥላ ሌላውን እያነሣች በመጨረሻ ቡናማ ካኪ አስቆረጠች። ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ሰሌን ደረቅ ያለ ካኪ ነው። ዘበኞች ካፖርት የሚያሰፉበት ዓይነት። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ለእኔ ይሆናል ብዬ በሕልሜም አላሰብሁም።

ልብስ ሰፊው ጋሼ ዳኘው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወደ እኔ ሲመጣ ነው የገባኝ። ከትከሻዬ ጀምሮ ለካኝና እናቴን ቀና ብሎ አያት።

«ከታች እጥፉን በደንብ ይተዉልኝ፣ ጋሼ ዳኘው» አለች። «እጅጌውንም፣ ጎኑንም። እየተተረተረ የሚወርድ፣ እየተተረተረ የሚሰፋ ይሁን።»

«ይህን ሁሉ እጥፍ ከቶ ምን ሊያደርግላት?»

«ይዟት እንዲያድግ ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ ምን ያስጨንቅሻል? በያመቱ ይዘሻት ነይ፤ እኔው አወርድላታለሁ።»

እናቴ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቁርጥራጭ ክር ለብቻ ለብቻ ስትለቅም ቆየች። «ሸዋዬ ታወርድላታለች» አለች በመጨረሻ። «ጎንና ጎኑን በድርብ ይስፉት፤ እጥፉን ግን ራቅ ራቅ እያደረጉ። የእህቴ ዓይን ደከም ብሏል፤ ስትተረትረው እንዳትቸገር።»

ጋሼ ዳኘው እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ እናቴን አያት። «እግዚአብሔር ያቅናው» ብሎ መቀሱን አነሣ።

ሸዋዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። የምትኖረው ጣና ማዶ፣ ደልጊ ነው። እናቴ እዚህ እያለችልኝ የእኔን ቀሚስ ደልጊ ያለች አክስቴ ለምን ታወርደዋለች? ጥያቄው ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ማታ እራት አልበላም አልሁ፤ እናቴ ግንባሬን ዳብሳ «ትኩሳት የለሽም» አለችኝ።

ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲመጣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርስ ነበር። ክብደቱ ትከሻዬን ይጫነዋል። ስራመድ ሹክ ሹክ ይላል። ጌጥ የሚባል አልነበረውም፤ ከውስጥ በኩል ብቻ፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ፣ ጋሼ ዳኘው ትርፍ ቁልፎች ሰፍቶበታል። ርሆቦት ዙሪያዬን ዞራ ዞራ አየችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ይኼ እኮ የመነኩሴ ልብስ ነው» አለችኝ።

«አይደለም።»

«ነው። ቀለሙን አታዪም? አትሽከረከሪበትማ። ገዳም ሊሰጡሽ ነው።»

ሳቅሁ። ከልቤ ግን አልነበረም።

በሳምንቱ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ቤታችን መጡ። እማሆይ የእናቴ አክስት ናቸው፤ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ መንነው የሚኖሩ። ከገዳማቸው የሚወጡት ከስንት አንዴ ነው። መቋሚያቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡና መጀመሪያ የጠየቁት ቀሚሱን ነው። እናቴ አውጥታ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችላቸው። በደረቀ እጃቸው ደጋግመው አሹት።

«መልካም ነው። ይህ አይከዳትም» አሉ።

እናቴ ውጭ ወጥቼ እንድጫወት ነገረችኝ። ወጣሁ፤ ግን ከበሩ አላለፍሁም። ዝናብ ይጥል ነበር። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ አንዳንዱን ቃል ይውጥብኛል፤ ያልዋጠውን ሁሉ ግን ሰማሁ።

«ቀኑ ታወቀ?» አሉ እማሆይ።

«ከእንቁጣጣሽ በፊት ነው ተብሏል።»

«ልጅቱስ?»

«ምን ብዬ ልንገራት፣ እማሆይ? አፌን ከፈት አደርግና ይዘጋብኛል።»

ዝናቡ በረታ። እንደገና ሲቀንስ የምትናገረው እናቴ ነበረች፤ «… ከገቡ በኋላ መውጣት እንደ ልብ አይደለም ይላሉ። ፀጉር ይሸፈናል። ስም እንኳ ይለወጣል አሉ።»

«ስም በሰው ዘንድ ነው። እግዚአብሔር የሚጠራው በክርስትና ስም ነው።»

«ቋንቋውስ?»

«ይለመዳል። ስንቱ ገብቶ ለምዶታል።»

ቆርቆሮው ሥር ቆሜ ጀርባዬ በሰበሰ። ፀጉር፣ ስም፣ ቋንቋ። እማሆይ ፀጉራቸውን በቆብ ሸፍነዋል። እማሆይ ድሮ ሌላ ስም ነበራቸው። እማሆይ የሚጸልዩት በግዕዝ ነው። ምሥጋና የሚለውን ስሜን እወደው ነበር፤ እንግዲህ ማን ተብዬ ልጠራ ነው?

ሮጬ ለርሆቦት ነገርኋት። አልተደነቀችም፤ እሷ ቀድማ ያወቀችው ነገር ነው። ይልቅ መፍትሔ ነበራት። «ጾም የሻረ ሰው ገዳም አያስገቡትም» አለችኝ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። እናቷ ለታናሽ ወንድሟ ከቀቀለችው እንቁላል አንዱን በቀሚሷ ሪቫን ጠቅልላ አመጣችልኝ። ከሽንት ቤቱ ኋላ ቆሜ ያለ ጨው ዋጥሁት። ወዲያው ቤት ገባሁና አስኳሉ ከአፌ ሳይጠፋ፣

«እማሆይ! ዛሬ እንቁላል በላሁ!» ብዬ ጮህሁ።

እናቴ ደነገጠች። እማሆይ ግን ወደ እሳቸው ሳቡኝና አፌን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «እሰይ። ብዪ። ጾሙ ይደርሳል፤ አሁን ጠንክሪ። መጠንከር ያስፈልግሻል» አሉኝ። እናቴ ተነሥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ጓዳ የምትፈልገው ነገር ያለ ይመስል።

እንቁላሉም አላዳነኝም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እናቴ ፋብሪካ መሄድ ተወች። ከእኔ ጋር ትውላለች፤ ያለ ምክንያት ፀጉሬን ትሠራኛለች፤ ሠርታ ትጨርስና ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ሊሸፈን ነውና እየተሰናበተችው መስሎኝ ዝም ብዬ እቀመጥላታለሁ። ስትጠራኝ ቶሎ አልመልስም፤ ስሜን ደጋግማ እንድትጠራው እፈልግ ነበር። የወረሰችውን የብርጭቆ ሣጥን ለርሆቦት እናት አደራ ስትሰጥ አየሁ፤ እኔ ስሄድ ቤቱ ስለሚጠባት… አይ፣ ስለሚሰፋት… ምክንያቱን መገጣጠም አቃተኝ። መጠየቅ ደግሞ ፈራሁ። ካልጠየቅሁ ሊረሱት ይችላሉ ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

አንድ ቀን ማለዳ ካኪውን ቀሚስ አለበሰችኝና ወደ ወደቡ ወረድን። ጎርጎራ ድረስ የሚሄደው ትልቁ ጀልባ ቆሟል። እህል የጫኑ፣ ዶሮ ያሰሩ ሰዎች ይጋፋሉ። ከመካከላቸው፣ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ይጠብቁናል።

አልጮህሁም። እግሬ ራሱ ወሰደኝና ተሳፈርሁ። ጀልባው ሞተሩን ሲያስነሣ የባሕር ዳር ዘንባባዎች ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ውኃው በክረምቱ ጎርፍ ቡናማ ሆኗል፤ ልክ እንደ ቀሚሴ። ሁሉም ነገር የተመካከረብኝ መሰለኝ። በእናቴና በእማሆይ መካከል ተቀምጬ የጀልባውን ብረት በሁለት እጄ ያዝሁ።

ደሴቱ ጋ ስንደርስ ጀልባው ፍጥነቱን ቀነሰ። ዛፎቹ መካከል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል። እማሆይ ተነሡ። እናቴም ተነሣች። ብረቱን የያዝሁበት ጣቴ ነጣ። እማሆይ ጎንበስ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጠው እጃቸው የተዘረጋው ለከረጢታቸው ነበር። እናቴ አቀበለቻቸው፤ ተሳሳሙ፤ ሁለቱም ብዙ ተላቀሱ። እማሆይ ወረዱ። ጀልባው ተንቀሳቀሰ። እናቴ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማዬ! አልወረድንም!» አልኋት።

«የት ልንወርድ ኖሯል?»

ሁሉንም ነገርኋት። የመነኩሴውን ልብስ፣ ቆርቆሮው ሥር የሰማሁትን፣ እንቁላሉን። እናቴ አፏን ይዛ ሳቀች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች፤ እየቆየ ግን ሳቅ መሆኑ ቀረ። ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችኝ።

«አንቺን ማንም የትም አይወስድሽም፣ የኔ ልጅ» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። እኔ ግን «አንቺን» የምትለዋን ቃል አልሰማኋትም።

እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። ቀሚሱን እንኳ ወደድሁት። ቁንዝላ ወደብ አድረን በማግሥቱ ደልጊ ስንደርስ የአክስቴን የሸዋዬን ቤት እየዘለልሁ ገባሁ። አክስቴ በሐይቁ ዳር ዓሣ እየገዛች ለከተማው የምትሸጥ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። አንገቴን አቅፋ ከእግር እስከ ራሴ ስታየኝ ዋለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ አክስቴ ዓሣ ስትገዛ አብሬያት እንድሄድ ጠራችኝ። እናቴ በር ላይ ቆማ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ፤ አንድ ጊዜ፣ እንደገና። ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ እያየሁ ረፈደብኝ። ስንመለስ የእናቴ ነጠላ ከተሰቀለበት የለም።

«የት ሄደች?»

«ሥራ ሄደች» አለችኝ አክስቴ። ዓሣውን መገልፈፍ ጀመረች።

እኔ ግን አላመንሁም፤ ማስረጃም ነበረኝ። ያን ቀን ጀልባ አልመጣም። ከደልጊ የሚወጣበት መንገድ ደግሞ በእኔ እውቀት ሐይቁ ብቻ ነው። ስለዚህ እናቴ እዚሁ ናት ማለት ነው። ገበያውን ዞርሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ዞርሁ፤ የማላውቃቸውን ሰዎች በር ከፍቼ አየሁ። በጎንደር በኩል የሚሄድ መኪና እንዳለ ሰው እስኪነግረኝ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር።

አሁን ሁለታችንም የምንኖረው ባሕር ዳር አጠገብ፣ ሰባታሚት ነው፤ እናቴ አንዳንድ ቀን የምትሰፋበትን ክር በጥርሷ እየበጠሰች ያን ዘመን ታወራልኛለች። ቋንቋው ዓረብኛ ነበር። ሊሸፈን የነበረው የእሷ ፀጉር ነው። በፓስፖርቷ ላይ የተጻፈው ስም ደላላው ያወጣላት የሌላ ሴት ስም ነበር፤ ጅዳ ውስጥ በዚያ ስም ተጠርታ፣ በዚያ ስም ተሰድባ ኖረች። ሮዙን ቀሚስ ለሻጩ የመለሰችለት ዕለት የምታስበው ስለ ዋጋው አልነበረም። እኔን የሚያለብስ ሰው በሌለበት ስንት ክረምት እንደሚያልፍ እያሰበች ነበር። ስፌቱን ስትስበው የታያት ብርሃን አስፈራት።

ደልጊ ሳድግ አክስቴ በያመቱ እንቁጣጣሽ ሲቀርብ መስኮት ሥር ተቀምጣ አንዱን እጥፍ ትተረትራለች። ከላይ ፀሐይና ሳሙና ያነጣው ካኪ፣ ከታች አዲስ የወጣው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ልብሱ መስመር በመስመር ይሆናል። ተማሪዎቹ «ዘበኛው» ይሉኝ ነበር። ሾህ ይይዘዋል፣ አይቀደድም። የሐይቁ ጭቃ ይገባበታል፣ ይለቃል። የእነሱ ልብስ በየሰሞኑ ሲለወጥ የእኔ ያው ነው።

ከጅዳም ልብስ ይመጣ ነበር። የሚያብረቀርቅ፣ ቀጭን፣ ሽቶ ሽቶ የሚል። ለብሼ ሁለት ቀን እኮራበታለሁ፤ በሦስተኛው እጥበት ይተረተራል። እናቴ በትልልቅ ሱቆች መካከል ስትመላለስ፣ ለእኔ ስታማርጥ ይታየኝ ነበር። ኋላ እንደነገረችኝ ግን እዚያ በኖረችበት ዘመን ሱቅ ገብታ አታውቅም፤ ከአሠሪዎቿ ግቢ የምትወጣው ቆሻሻ ለመጣል ብቻ ነበር። ልብሶቹን የቤቱ ልጆች አንዴ ለብሰው የጣሏቸውን ከቆሻሻው መካከል ታነሣቸው ነበር። «ጨርቁን እንኳ ሳልፈትገው ነው የላክሁልሽ» አለችኝ። «ብፈትገው አልክልሽም ነበር።»

በጎረቤት ስልክ ስትደውል የምትጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ካኪው ይበቃሻል?»

«ይበቃኛል።»

«እጥፍ ቀርቶታል?»

«ቀርቶታል።»

«እንግዲያውስ ጊዜ አለን» ትለኛለች። እጥፉ ሳያልቅ እመጣለሁ ብላ ለአክስቴ ቃል ገብታ ነበር።

የመጨረሻው እጥፍ የተተረተረ ጊዜ ስልኩ ዝም አለ። መጀመሪያ ካርድ አጥታ ነው አልን። ከዚያ ታማ ይሆናል አልን። ከዚያ ማውራት ተውን። በሬዲዮ የሐበሻ ሴቶች ስም በተነሣ ቁጥር አክስቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሚሱ ጫፍ ላይ ከሌላ ካኪ የተቆረጠ ሰፊ ጨርቅ ቀጥላበት አገኘኋት። በደከመ ዓይኗ የሰፋችው ስፌት ተንጋዷል።

«ምን አደረግሽው?» አልኋት።

«አላለቀም» አለችኝ ቀና ሳትል። «ይኸው፣ ገና አለው።»

እኔ ግን ወደ ጎንም አደግሁ። ትከሻዬ አልገባልህ አለው። ቀሚሱን ሚስጥር የምትባል የጎረቤታችን ልጅ ወሰደችው፤ እሷም ብዙ ለበሰችው። ለእኔ አክስቴ የተማሪ ቤት ዩኒፎርም አሰፋችልኝ።

ኅዳር ላይ ከሳዑዲ ሰው በአውሮፕላን እየተጫነ እየተመለሰ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት በወጣሁ ቁጥር የጎንደር አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ እየሄድሁ እቆማለሁ። የሚወርዱትን ሴቶች አንድ በአንድ አያለሁ። እናቴን በሐሳቤ የማያት ነጠላ ለብሳ፣ ወፍራም፣ ፊቷ የሞላ ሆና ነበር። ከዓመታት በፊት እንደነበረችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከመጨረሻዎቹ ተሳፋሪዎች ጋር የከሳች ሴት ወረደች። ስስ የስፖርት ሱሪና የወንድ ሹራብ ለብሳለች። እግሯ ላይ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ እጇ ላይ አንድ ፌስታል። ዙሪያዋን ቃኘች። ዓይኖቿ ትንንሾቹን ልጆች እየፈለጉ በእኔ ላይ አለፉ፤ እኔም አለፍኋት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«እህቴ፣ ከተማው ተለወጠብኝ፤ የሸዋዬን ቤት ታውቂው ይሆን? ዓሣ የምትሸጠዋን?» አለችኝ።

በድምጿ አወቅኋት። ስልክ ውስጥ ስሰማው የኖርሁት ድምፅ ነው። አፌን ከፈትሁ፤ ተዘጋብኝ። እናቴ ናት፤ እንግዳ ናት። እኔ ነኝ ብላት፣ ጥላ የሄደቻት ያቺ ልጅ እንዳልሆንሁ አይታ ታዝንብኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

«አውቀዋለሁ፤ ላድርስዎት» አልኋት።

ፊት ፊት ሄድሁ። ነጠላ ጫማዋ ከኋላዬ ጠፍ ጠፍ ይላል። አፈሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ትንቀጠቀጥ እንደሆነ ዞሬ ማየት ፈለግሁና አቃተኝ።

«አብራት የምትኖር ልጅ ነበረች» አለች ከኋላዬ። «ምሥጋና የምትባል። ታውቂያት ይሆን?»

«አውቃታለሁ።»

«ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።»

«ትማራለች?»

«ትማራለች። ደግሞ…» አልሁና እርምጃዬን አዘገየሁ። «ደግሞ ረዝማለች።»

የነጠላ ጫማው ድምፅ ቆመ። ስዞር ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀምጣዋለች። እጆቿ ባዶ ሆነው ወደ ጎን ወርደዋል፤ ምን እንደምታደርግባቸው የጠፋት ትመስላለች።

«ምን ያህል?» አለችኝ።

ተመልሼ ሄድሁና አጠገቧ፣ ትከሻዬን ከትከሻዋ አስጠግቼ ቆምሁ።